የቀኝ ጎን ስፌት

«እጀ ጠባቡን ረቡዕ ጠዋት መጥተን እንወስደዋለን» አለ ጊንታውታስ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት መዳፎቹ መካከል ይዞ። «ወጉን እርስዎም ያውቁታል፣ እትዬ ኤልቪራ። የግራ ጎኑን ስፌት ተርትረን እናለብሳቸዋለን፤ ከዚያ ሁላችንም መርፌውን አንድ አንድ ጊዜ እያሳለፍን መልሰን እንዘጋዋለን። ለጋሽ ፌሊክሳስ እንዳደረግነው።»

ኤልቪራ ለሌላ እንግዳ የከሙን ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን ማቅናት ረስታ ሻዩ ከብርጭቆው አፍ አልፎ በገበታው ልብስ ላይ ፈሰሰ። ለቅሶ ደራሾቹ ኀዘኗን ላለማየት ዐይናቸውን መለሱ። ኀዘን ብቻ ግን አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት የኖረ ፍርሃትም ነበረበት።

ባሏ ስቴፖናስ የሞተው እሑድ ዕለት በወደቡ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ልቡ ነበረች የከዳችው። አስከሬኑ ረቡዕ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ትንሿ ከተማቸው ይመጣል፤ ሐሙስ ይቀበራል። እስከዚያ ድረስ በቤቱ የነበረው ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ነው። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ መስተዋቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ እማማ ባርቦራ የሚመሯቸው አራት አዛውንት ሴቶች ጥጋቸውን ይዘው የሕማማቱን መዝሙር በየተራ ይቀባበላሉ። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፤ ትኩስ ድንችና የተመታ የቅቤ እርጎ ይቀርብለታል፤ በልቶ ሲያበቃ በሹክሹክታ ማውራት ይጀምራል።

ከመጡት የሚበዙት የማኅበሩ ሰዎች ነበሩ። በሐይቁ ዙሪያ «ማኅበሩ» ሲባል የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሥራ ቀን አንጥረኛ፣ ነርስ፣ የትራክተር ነጂ የሆኑ ሰዎች በጋ ሲገባ ዘመናቸውን እንደ ካፖርት አውልቀው ስድስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የጥንቱን የሀገራቸውን ታላቅ መስፍን ዘመን የብረት ጥሩር ይለብሳሉ፣ ሰይፍ ይታጠቃሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፤ በታወቀ ሜዳ ላይ የታወቀውን ጦርነት ይዋጋሉ። በውጊያው የሚሞተው ይሞታል፤ ከዚያ ተነሥቶ የአተር ገንፎውን ይበላል።

ሊቀ መንበሩ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ አሁን አንጥረኛው ጊንታውታስ ነው። ሳይለወጥ የኖረው በረኛው ነበር። ስቴፖናስ በሰፈሩ በር ላይ ቆሞ የገባውን ሰው ሁሉ ልብስ ይመረምር ነበር፤ ሰው ያለ መነጽር፣ ያለ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ያለ መኪና ስፌት መግባት አለበት። ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩት። «ገልብጥ» ይላል፤ የልብሱን ጠርዝ ገልብጦ በአውራ ጣቱ ስፌቱን እያነበበ ይሄዳል። ከዚያ ወይ «ግባ» ይላል፣ ወይ «ተመለስ»።

«እንግዲህ ቅዱስ ጴጥሮስ ሥራ ፈታ» አለ ጊንታውታስ።

እማማ ባርቦራ ከመዝሙር መጽሐፋቸው ቀና አሉ። «ጴጥሮስ ራሱ መቆየቱን እንጃ። ቁልፉ የፋብሪካ ከሆነ ያባርረዋል።»

ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ኤልቪራም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ በታች አልወረደም። ስቴፖናስ የሚለብሰው እጀ ጠባብ፣ በማኅበሩ ውስጥ የእጅ ስፌት ምሳሌ ሆኖ የኖረው እጀ ጠባብ፣ በሁለቱም ጎኑ በመኪና የተሰፋ መሆኑን ከእርሷ በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር።

ነገሩ የሆነው በማኅበሩ የመጀመሪያ በጋ ነው። ያን ጊዜ ማኅበር አልነበረም፤ በፈረሰው የጋራ እርሻ የተልባ መጋዘን ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰቡ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ወንዶቹ ሽቦ በብረት ዘንግ ላይ እየጠመጠሙ ቀለበት ይቆርጣሉ፤ ለአንድ ጥሩር ሃያ ሺህ ቀለበት ያስፈልጋል። ሴቶቹ በሽንኩርት ልጣጭና በበርች ቅጠል ሱፍ ይቀልማሉ። ንብ አርቢው ፌሊክሳስ ከማር የተጠመቀ መጠጥ በወተት ጣሳ ያመጣል። በበጋውም ውጊያ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነበር፤ የሚሞተውም ከበርሜሉ አጠገብ፣ ከጥላው ሥር ነው። መነጽሩን በሩ ላይ እንዲያወልቅ የታዘዘ አንድ ባለ ጦር ደግሞ ጠላት ወዳለበት መስሎት በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዘመተ፤ እስከ ወገቡ ከጠለቀ በኋላ ነው የቆመው። ይህን እያነሡ ዐሥር ክረምት ሳቁ።

ስቴፖናስ መሬት ቀያሽ ነበር። የጋራው እርሻ ፈርሶ መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ ሲመለስ ወረዳውን በእግሩ የለካው እርሱ ነው፤ የገዛ ወንድሙ አንድ ክንድ ጨምርልኝ ቢለው ያልጨመረ ሰው ነበር። በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ወሰን ሲያበጅ ሁለቱን ችካል ራሱ አይተክልም። አንዱን ለአንደኛው፣ ሌላውን ለሁለተኛው ይሰጥና፣ «በገዛ እጅህ ያልተከልከውን ነገ ትነቅለዋለህ» ይል ነበር።

ለማኅበሩ የመጀመሪያ የበጋ በዓል ስምንት ቀን ሲቀረው ይህ ሰው አምስት ክንድ የተልባ እግር ጨርቅ አምጥቶ በኤልቪራ ጉልበት ላይ አኖረ። እርሷ በካፖርት ፋብሪካ በሁለት ፈረቃ ትሠራ ነበር። አንገቱን በእጇ ሰፋች፤ እጅጌውን በእጇ ሰፋች፤ የታችኛውን ጠርዝ በእጇ ቀመቀመች። ስድስተኛው ቀን ላይ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ። ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ቀርተው ነበር። በሰባተኛው ቀን ጨርቁን በቦርሳ ይዛ ሄደች፤ በምሳ ሰዓት ከፋብሪካው መኪና ሥር አሳለፈችው። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ማታ የመጋጠሚያውን ትርፍ ጨርቅ አጥፋ በላዩ ላይ በእጇ ሰፋችበት። የመኪናው መሥመር በእጥፋቱ ውስጥ ተቀበረ።

ስቴፖናስ ልብሱን ገለበጠው። አውራ ጣቱን ከብብት እስከ ጠርዝ በቀስታ ነዳው። ከዚያ የተወጋጉትን ጣቶቿን አንሥቶ ሳማቸው። ኤልቪራ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ የዘጋው ያ መሳም ነው። ውሸት በተነገረበት ቀን ትንሽ ነው፤ የሚያሳድገው የሚያምነው ሰው ነው። ስቴፖናስ በየፀደዩ አዲስ ገቢዎችን ሰብስቦ ያንን እጀ ጠባብ በብርሃን ፊት ይዘረጋና «እንዲህ ነው ሚስቴ የምትሰፋው» ይል ነበር። ኤልቪራ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ድስት የምታማስልበት ምክንያት ታገኝ ነበር።

እንግዳው ጋብ ሲል፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከሣጥኑ እጀ ጠባቡን አወጣች፤ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ረቡዕ ስፌቱ በቢላ ጫፍ ሲከፈት ነጩ የፋብሪካ ክር በሃያ ሦስቱ የማኅበሩ ሰዎች ፊት ይወጣል፤ በሞቱ ማግሥት የበረኛው ስም መሣቂያ ይሆናል። አንድ ቀን ተኩል ነበራት። የግራውን ጎን ከፍታ የመኪናውን ክር ትመዝዛለች፤ በእጇ ሰፍታ ትዘጋዋለች። ፌሊክሳስ በሕይወት ሳለ የሰጣትን የሰም ቁራሽ ከመሳቢያው አወጣችና የተልባውን ክር እየጎተተች ትቀባ ጀመር። በግድግዳው ማዶ ሴቶቹ በመዝሙሩ ጌታ መስቀሉን እንደ ተሸከመ ሦስተኛ ጊዜ የወደቀበት ቦታ ላይ ደርሰው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የዳቦ መኪና በሩ ላይ ቆመ። የወረደችው ሴት ሦስት ጥቁር ዳቦ በነጭ ጨርቅ ይዛ ደጃፉ ላይ ተገተረች። እማማ ባርቦራ እጇን ስበው ባያስገቧት እዚያው ትቀር ነበር። ኤልቪራ ዳቦውን ሳትቀበል አንድ አፍታ ዘገየች። ሩጊሌ ነበረች። ያደገች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ጸጉሯን ያሳጠረች ሩጊሌ።

ከዐሥር ዓመት በፊት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ወደ መጋዘኑ በብስክሌት እየመጣች ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋች፤ ቀለሙን ራሷ ነው የቀለመችው፣ ሦስት ጊዜ አበላሽታ በአራተኛው ነው የተሳካላት። በበዓሉ ዋዜማ ብብቷ ሥር አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ተተረተረች። እናቷ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ብላ በመኪና ደፈነችላት። በበሩ ላይ ስቴፖናስ «ገልብጪ» አለ። አውራ ጣቱ እዚያች ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«ተመለሺ» አላት።

ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ሰሙ። ኤልቪራ ከበሩ ዐሥር እርምጃ ላይ አተር እየለቀመች ነበር፤ እርሷም ሰማች። አንድ ቃል ብትናገር ልጅቷ ትገባ ነበር። አተሩን ለቀመች። ሩጊሌ ሌላ ልብስ አልያዘችም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ በሰማያዊ ቀሚሷ ተቀምጣ ዋለች። ከበሮው ሲመታ፣ ሰይፉ ሲጋጭ፣ ሰው ሲስቅ እየሰማች። አንድ ሳሕን ገንፎ እንኳ የወሰደላት አልነበረም።

አሁን ሩጊሌ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የሻይ ብርጭቆዋን ታዞር ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ ስቴፖናስ እኛ ቤት ይመጡ እንደነበር ያውቃሉ?» አለች።

«እናንተ ቤት?»

«በየፋሲካው ሰሞን። ከዚያ ከ... ከዚያ በዓል በኋላ ባለው ዓመት ነው የጀመሩት። አጥሩ ጋ ይቆሙና ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ‹እንቁላል አላችሁ?› ይላሉ። እኛ ደግሞ ዶሮ የለንም። የለንም እንላቸዋለን። ባርኔጣቸውን መልሰው ያደርጉና ይሄዳሉ። በዓመቱ ደግሞ ከች።»

«ሌላ ምንም አይልም?»

«ምንም። እናቴ ‹እኚህ ሰውዬ ጃጁ እንዴ?› ትል ነበር። በአራተኛው ዓመት ሲጨንቃት ሁለት ዶሮ ገዛች።» ሩጊሌ ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «እንቁላሉን ስንሰጣቸው እጃቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ‹ደግ› አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።»

ኤልቪራ ያን የፋሲካ እንቁላል አስታወሰች። ስቴፖናስ ከገበያ ነው ብሎ ነበር ያመጣው፤ አልበላውም፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደርቆ እስኪቀልል ድረስ አኖረው።

ሩጊሌ ልትሄድ ስትነሣ፣ ነገ መርፌው ሲያልፍ እርሷም አንድ ጊዜ ማሳለፍ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የጠየቀችው ኤልቪራን ነበር፤ የመለሰላት ግን ሰሌዳ የመሰለ ደረቱን ይዞ ከበሩ ላይ የቆመው ጊንታውታስ ነው።

«የማኅበርተኛ ወግ ነው፣ ሩጊሌ። ቅር አይበልሽ። ደንቡን ያወጡት ጋሽ ስቴፖናስ ራሳቸው ናቸው።»

«ገባኝ» አለች ሩጊሌ። «ዳቦውን ዛሬ ብሉት፤ ነገ ይደርቃል።»

ኤልቪራ ይህን ሁሉ ሰማች። አሁንም ዐሥር እርምጃ ላይ ነበረች፤ አሁንም አተር እንደሚለቅም ሰው አንገቷን ደፍታ ፍርፋሪ ትጠርግ ነበር።

ከቀትር በኋላ የጓዳውን በር ዘጋችና ወደ መስኮቱ ተጠግታ ተቀመጠች። ውጭ የጥቅምት ጉም ሐይቁን ሸፍኖታል። ሴቶቹ እየዘመሩ ነው። መቀሷን ከግራው ጎን ታችኛው ጠርዝ አስገብታ የገዛ እጇን የእጅ ስፌት አንድ በአንድ ቆረጠች፤ እጥፋቱን ከፈተች። ነጩን የፋብሪካ ክር ልትመዝዝ መርፌዋን ሰደደች።

ነጭ ክር አልነበረም።

በእጥፋቱ ውስጥ ሰም የተቀባ የተልባ ክር ነበር። ስፌቱ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ያለ፣ የተንጋደደ፣ የልፋት እንጂ የሞያ ያልሆነ ነበር። የተጋደመውም በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ የግራኝ እጅ የሰፋው ስፌት እንደሚጋደመው። ከፍ እያለች ከፈተች። እስከ ብብት ድረስ እንዲሁ ነበር። በመካከል፣ በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ሦስት ቡናማ ነጥቦች አገኘች፤ የደረቁ የደም ነጥቦች። የሰፋው ሰው ላይኛውንም የእርሷን ስፌት ተርትሮ፣ ውስጡን ሰፍቶ፣ መልሶ የእርሷን አስመስሎ ዘግቶት ነበር፤ ማስመሰሉ ባይዋጣለትም እርሷ ሳትመለከተው ኖራለች። የባሏን ልብስ የምታጥብ ሴት የራሷን ሥራ መርምራ አታይም።

ስቴፖናስ ግራኝ ነበረ።

ያ ክረምት ተመለሰላት። ሩጊሌ ከበሩ የተመለሰችበት በጋ ካለፈ በኋላ የነበረው ክረምት። ስቴፖናስ በየምሽቱ በማገዶው ቤት ውስጥ ፋኖስ አብርቶ የጥሩር ቀለበት እጠግናለሁ ይል ነበር። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ተወጋግታ ይመጣል፤ «ሽቦ ነው» ይላት ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አኑሮ፣ «ያቺ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ የት ደረሰች?» ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለችው። ማንኪያውን አነሣ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ በር ላይ «ተመለስ» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጠርዙን ይገልጣል፣ አውራ ጣቱን ይነዳል፣ ይተነፍስና «ግባ» ይላል። የማኅበሩ ሰዎች ሽማግሌው ዐይኑ ደከመ ብለው ተቀላለዱ፤ ጊንታውታስ እንኳ በዚያ ዓመት ስልኩን በራስ ቁሩ ውስጥ ደብቆ ገብቷል።

በተከታዩ ፀደይ ፌሊክሳስ የእውነቱን ሞት ሞተ። የደረቀውን ገላ ማልበስ ሲያስቸግር፣ ስፌቱን ከፍተን እናልብሰውና ሁላችንም እንዝጋው ያለው ስቴፖናስ ነው። የትኛውን ጎን ብለው ሲጠይቁት፣ «ግራውን። ሁልጊዜም ግራውን» አለ። ለምን ቢሉት፣ ልብ በግራ ነው ብሎ መለሰ፤ ሰውም ነገሩ አምሮት አለቀሰ፤ ኤልቪራም አለቀሰች። አሁን ግን ገባት። ግራውን ያለው፣ ለራሱ ቀን በገዛ ልብሱ ላይ የተዘጋጀው ግራው ስለ ነበረ ነው።

እጇ ከጨርቁ ላይ ቆመ። የሸፈነው እርሷን ነው ወይስ ራሱን? ቀጥ ያለ ሰው መስሎ ሊቀበር ፈልጎ ነውን? ኤልቪራ ጥያቄውን አልሸሸችውም፤ ግማሽ ልቧ አዎን አላት። ሰው ለእውነት ብሎ የሚፈራውን ያህል ለስሙም ይፈራል፤ ስቴፖናስም ሰው ነበረ። ከዚያ መቀሷን አንሥታ የቀኙን ጎን እጥፋት በጣት ርዝመት ያህል ከፈተች። ነጩ ክር በቦታው ነበር፤ ደቃቅ፣ እኩል፣ እንደ አይጥ ጥርስ የተደረደረ። አንዲት ክር አልተነካችም። ሌላ ዘጠኝ ክረምት ነበረው፤ ፋኖሱም ሰሙም በቤቱ ነበር። አልነካውም።

ሁለቱን ችካል ራሱ አይተክልም ነበር።

የግራውን እጥፋት እንደ ነበረ መልሳ ዘጋችው። ይህ ብዙ ሰዓት አልወሰደባትም። ልትነሣ ስትል አሰበች። ነገ ግራው ይከፈታል፤ ሁሉም የእጅ ስፌት ያያሉ፤ አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ ነው የእትዬ ኤልቪራ እጅ» ይላል፤ ነገሩ ከስቴፖናስ ጋር ይቀበራል። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ለሃያ ስድስት ዓመት የተካነችው ሞያዋ ነው። የቀኙን ክፍት በመርፌ ቁልፍ ያዘችውና እጀ ጠባቡን አጠፈችው።

ረቡዕ ጠዋት አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ወዳለው አዳራሽ ገባ። ሃያ ሦስቱ የማኅበሩ ሰዎች በእጅ የተሰፋ ልብሳቸውን ለብሰው ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ እማማ ባርቦራና ሴቶቹ በግድግዳው ሥር፣ ሌላው የከተማ ሰው በበሩ በኩል። ሩጊሌ የሥራ ጃኬቷን እንደ ለበሰች ከበሩ ወዲያ፣ አንድ እግሯ በደጃፉ ላይ፣ ቆማለች። ስቴፖናስ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተጋድሟል። አውራ ጣቶቹ ብቻ ከጨርቁ ይታያሉ።

ጊንታውታስ እጀ ጠባቡን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ትንሿን ቢላ መዘዘና ጫፏን በግራው ብብት ላይ አሳረፈ።

«ቆይ» አለች ኤልቪራ።

መዝሙሩ ቆመ።

«ቀኙን ክፈት።»

«እትዬ፣ ወጉ ግራ ነው።»

«ወጉን ያወጣው እሱ ነው። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ሳይጠነክር ሳይደክም ወጣ። «ገልብጠው።»

ጊንታውታስ አንድ ጊዜ ፊቷን አየና ገለበጠው። የመርፌ ቁልፏን ነቅሎ እጥፋቱን በቢላው ጫፍ ከፈተ። ነጩ ክር ወጣ። አንጥረኛው ጎንበስ አለ፤ አውራ ጣቱን አስቀመጠበትና እንደ ተቃጠለ ሰው አነሣው። ከኋላው አንዱ፣ «ይሄ እኮ የመኪና...» ብሎ ጀምሮ ዋጠው።

«የመኪና ነው» አለች ኤልቪራ። «በፋብሪካ፣ በምሳ ሰዓት፣ በአራት ደቂቃ። እናንተንም እሱንም አታለልኩ። ግራውም እንዲሁ ነበር። ሲደርስበት አንድ ቃል ሳይነግረኝ በገዛ እጁ ሰፋው። ይሄኛውን ለእኔ ተወልኝ።» ወደ በሩ ዞረች። «ይቺን ልጅ ሲመልሳት ዐሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ። አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።»

የማኅበሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው አልተያዩም፤ እያንዳንዱ የገዛ ልብሱን ጠርዝ ያይ ነበር። በየጠርዙ ውስጥ ምን እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ እማማ ባርቦራ ከግድግዳው ሥር። «ሰውዬው በርዶታል። አልብሱት እንጂ።»

ጊንታውታስ ነጩን ክር መዘዘው። ከብብት እስከ ጠርዝ ሳይበጠስ በአንድ ተመዝዞ ወጣ። ወዴት እንደሚጥለው ግራ ገብቶት ሲቆም ኤልቪራ እጇን ዘረጋች፤ «የኔ ነው» አለችና በጣቷ ጠቅልላ ወደ ኪሷ ከተተችው። ስቴፖናስን አለበሱት። የቀኝ ጎኑ ከብብቱ እስከ ጭኑ ክፍት ነበር፤ ሸሚዙ እንዳልተቆለፈለት ሕፃን አስመሰለው።

የመጀመሪያውን መርፌ የሚያሳልፈው የሟቹ የቅርብ ሰው ነው። ኤልቪራ በፌሊክሳስ ሰም የተቀባውን ክር በመርፌው ዐይን አስገባች፤ ቋጠረችው። ከዚያ ክቡን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች፤ መርፌውን በሩጊሌ እጅ ላይ አኖረች።

ሩጊሌ ወደ ጊንታውታስ ተመለከተች። ጊንታውታስ ሰውነቱን ወደ ጎን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀ።

ሩጊሌ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሁለቱን ጠርዝ አገጣጥማ መርፌውን አሳለፈች፤ ክሩን በቀስታ ሳበች፤ ቀና ብላ ጠበቀች፣ በሰልፍ ላይ እንደ ቆመ ሰው። ኤልቪራ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ገለጠች። አውራ ጣቷን በዚያች በአንዲት ስፌት ላይ አስቀምጣ፣ እርሱ ያደርግ እንደ ነበረው፣ ሳትቸኩል ነዳችው።

«ግቢ» አለቻት።

ሩጊሌም መርፌውን ክሩ ሳይቆረጥ ለጊንታውታስ አቀበለችው።